የፊት መስታወት ጉም ሲይዝ፣ ኤሲም አልቀዘቅዝ ሲል፦ ከየት ተነስቶ ምን ይፈተሻል?

የመኪና የፊት መስታወት ከውስጥ ጉም የሚይዘው፣ በመኪናው ውስጥ ያለው አየር የተሸከመው እርጥበት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ወደ ውሃ ስለሚለወጥ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ስለዚህ መላውም ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ መስታወቱን ማሞቅ፣ ወይ አየሩን ማድረቅ። ማሞቂያው የመጀመሪያውን፣ ኤሲው ሁለተኛውን ይሠራል። ኤሲን የሙቀት ጊዜ ዕቃ ብቻ አድርጎ የሚያይ አሽከርካሪ ዝናብ ሲመጣ ያጠፋዋል። አየሩን የሚያደርቅለትን ክፍል በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት አጠፋው ማለት ነው።

በዚህ የተነሳ «መስታወቴ ጉም አይለቅም» እና «ኤሲዬ አይቀዘቅዝም» የሚሉት አቤቱታዎች ብዙ ጊዜ የአንድ ብልሽት ሁለት መልክ ናቸው። ጋዝ ያነሰው ኤሲ በሙቀት ቀን ለዘብ ያለ አየር እየሰጠ ያታልላል፤ በዝናብ ቀን ግን መስታወቱ ያጋልጠዋል።

መጀመሪያ በጣት ይንኩት

መስታወቱን ከውስጥ በኩል በጣት ይጥረጉት። መስመር ከወጣ ጉሙ ውስጥ ነው። ካልወጣ ውጭ ነው፤ የዝናብ መጥረጊያውን አንዴ ሲያስኬዱት ይጠፋል። የውጩ ጉም የሚመጣው ውጭው ሞቃትና ወበቃማ ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ የኤሲ አየር በቀጥታ መስታወቱን ሲመታው ነው። እዚህ ላይ ኤሲውን ማጠንከር ነገሩን ያባብሰዋል። አየሩን ከመስታወት ወደ እግርና ወደ ደረት ያዙሩት፣ ሙቀቱን ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ያድርጉት። ብልሽት ስላልሆነ ጋራዥ አያስኬድም።

ለውስጡ ጉም አራት ነገሮች በአንድ ላይ መሠራት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ሦስቱ ደካማ ናቸው።

1. አየር መልሶ የማዞሪያውን ቁልፍ (በመኪና ሥዕል ውስጥ ቀስት የሚዞርበትን) ያጥፉ፤ አየር ከውጭ ይግባ።
2. የአየሩን አቅጣጫ ወደ ፊት መስታወት ያድርጉ።
3. ኤሲውን ያብሩ፤ የቁልፉ መብራት መብራቱን ይመልከቱ።
4. ሙቀቱን ወደ ላይ፣ ማራገቢያውን ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ያድርጉ።

ሞተሩ ከሞቀ መስታወቱ ከታች ወደ ላይ እየጠራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማለቅ አለበት። ብዙ መኪኖች የመስታወት ማጥሪያው ቁልፍ ሲጫን ኤሲውን ራሳቸው ያበራሉ፣ የውጭውን አየርም ራሳቸው ይከፍታሉ፤ አንዳንዶቹ የኤሲውን መብራት ሳያበሩ ኮምፕሬሰሩን (የኤሲውን ጋዝ የሚያምቀውን ፓምፕ) ብቻ ያስነሳሉ። መብራት ስላላዩ አይሠራም ብለው አይደምድሙ።

ሙቀትና ኤሲ በአንድ ላይ መብራታቸው ለብዙዎች የነዳጅ ብክነት ይመስላል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው፦ አየሩ መጀመሪያ በኢቫፖሬተሩ (ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለው የኤሲው ማቀዝቀዣ ክፍል) ላይ ሲያልፍ ወደ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ሙቀት ሊሸከም የሚችለው እርጥበት በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 6 ግራም ብቻ ስለሆነ ትርፉ ውሃ ሆኖ በቱቦ ወደ መኪናው ሥር ይፈስሳል። ቀጥሎ ያው አየር በማሞቂያው ላይ አልፎ ወደ 40 ዲግሪ ሲደርስ ከ50 ግራም በላይ መሸከም የሚችል ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው 6 ግራም እንኳ አይሞላም። አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ወረደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ደረቅና ሙቅ አየር የመስታወቱን እርጥበት ይመጥጠዋል። ማሞቂያ ብቻውን ቢበራ መስታወቱ ይሞቃል እንጂ እርጥበቱ መኪናው ውስጥ ይቀራል፤ ሙቀቱን ሲቀንሱት ጉሙ ይመለሳል።

አንድ የሚያደናግር ጉዳይ አለ። ኤሲው ሲሠራ ቆይቶ ሲጠፋ መስታወቱ በሰከንዶች ውስጥ በድንገት ይሸፈናል። በኢቫፖሬተሩ ክንፎች ላይ የቀረው ውሃ፣ ቅዝቃዜው ሲቆም ተመልሶ እየተነነ በማራገቢያው ወደ መስታወቱ ስለሚነፋ ነው። በዝናብ እየነዱ ኤሲን ማብራት ማጥፋት የማይመከረው ለዚህ ነው፤ አብርተው ይተዉት፣ ቅዝቃዜውን በሙቀት መቆጣጠሪያው ያስተካክሉት።

የውጭው ሙቀት ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ብዙ መኪኖች ኢቫፖሬተሩ በረዶ እንዳይሠራ ኮምፕሬሰሩን አያስነሱትም። ያኔ የሚሠራው ሙቀትና የውጭ አየር ነው፤ ያን ያህል የቀዘቀዘ አየር በራሱ ደረቅ ስለሆነ ይበቃል። በረዶ የያዘ መስታወት ላይ የፈላ ውሃ መድፋት ግን መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ውሃው ከየት መጣ?

ቁልፎቹ በትክክል ተደርገው ጉሙ በየጠዋቱ የሚመጣ ከሆነ መኪናው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ አለ። ምንጣፉን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ብዙ ሊትር ውሃ ይዞ ላዩ ደረቅ ሊመስል ይችላል። በሁለቱም ፊት ወንበሮች በኩል ምንጣፉን ከጥጉ ነቅለው እጅዎን እስከ ብረቱ ይስደዱ፤ ከኋላ ወንበር እግር ሥርና ትርፍ ጎማው የተቀመጠበት ጉድጓድም ይፈተሽ። ከዚያ የውሃውን ዓይነት ይለዩ።

ውሃው ንጹሕና ሽታ የሌለው ሆኖ ኤሲ በበራባቸው ቀናት ብቻ የሚጨምር ከሆነ የኢቫፖሬተሩ የውሃ መውረጃ ቱቦ ተደፍኗል። ኤሲ በርቶ በወበቃማ ቀን መኪናው ሥር ውሃ አለመንጠባጠቡ ሁለተኛው ምልክት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ መኪናው ሲታጠፍ ከዳሽቦርዱ ውስጥ የሚሰማ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ነው። ቱቦው ከሞተሩ ክፍል ጀርባ ካለው የብረት ግድግዳ ታች፣ አብዛኛውን ጊዜ በተሳፋሪው በኩል፣ የጎማ አፍንጫ ሆኖ ይወጣል። ከታች በኩል በለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም በዝቅተኛ ግፊት አየር ይክፈቱት። የተሳለ ሽቦ ወደ ላይ አይስደዱ፤ ኢቫፖሬተሩን ከበሳው ጋዙ ወጣ፣ ሥራውም ሙሉ ዳሽቦርድ ወደ ማውረድ አደገ። ሲከፈት ውሃው በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ፊትዎን ከሥሩ ያርቁ።

ውሃው ንጹሕ ሆኖ ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ከመጣ መግቢያው የበር ላስቲክ፣ የጣሪያ መስኮት መውረጃ ቱቦ፣ የፊት መስታወቱ ማጣበቂያ ወይም ከመስታወቱ ሥር ያለው የቅጠል ማጠራቀሚያ ነው። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ የእጅ ባትሪ ይያዝ፣ ሌላው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ በቀስታ ውሃ ያፍስስ፤ ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉን ስለሚያረጥብ መግቢያው አይለይም።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ጣፋጭ ሽታ፣ በመስታወቱ ላይ ሲጠረግ የሚሟለጭ የቅባት ጭጋግ፣ በተሳፋሪው እግር ሥር የሚያጣብቅ እርጥበት፣ ቀስ በቀስ የሚቀንስ የራዲያተር ውሃ፦ እነዚህ ከተገናኙ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ያፈስሳል። ያ ፈሳሽ ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፤ ለሰውም ለእንስሳም መርዝ ስለሆነ ነገ ዛሬ አይባልም። ሞተሩ እየጎደለበት ሄዶ ከመሞቁ በፊት ይሠራ። ጊዜ ለማግኘት ሁለቱን የማሞቂያ ቱቦዎች ሞተር ክፍል ውስጥ ማገናኘት ይቻላል፤ ማሞቂያ አይኖርም፣ መፍሰሱ ግን ይቆማል።

ውሃው ከተገኘና ከተዘጋ በኋላ ስፖንጁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። በቦታው ይደርቃል ብሎ መተው ሳምንታት ጉም መጠበቅ፣ ቀጥሎም የወለሉ ብረት ዝገት ነው።

የመስታወቱ ቆዳ

አዲስ መኪና ውስጥ መስታወቱ በቶሎ ጉም መያዙ ብዙዎችን ያስገርማል። ዳሽቦርዱ ፀሐይ ሲመታው ከፕላስቲኩ የሚተን ቅባት መስታወቱ ላይ ቀጭን ሽፋን ይሠራል፤ የሲጋራ ጭስም እንዲሁ። ውሃው በዚህ ሽፋን ላይ ብናኝ ጠብታ ሆኖ ይቆማል፤ ንጹሕ መስታወት ላይ ግን ስለሚዘረጋ መንገዱ ብዙም ሳያስቸግር ይታያል። በየወሩ አንድ ጊዜ፣ የአይሶፕሮፒል አልኮልና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅለው በማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጥረጉት፤ ወዲያው በሁለተኛ ደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። አንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው። መስታወቱ ጥቁር ፊልም የተለጠፈበት ከሆነ አሞኒያ ያለው ማጽጃ አይንካው። ድንችና የጥርስ ሳሙና መቀባት የሚባለው ዘዴ ለአጭር ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን ማታ የፊት መብራት ሲመጣበት የሚያንጸባርቅ ቅሪት ስለሚተው አልመክረውም።

አየሩ ራሱ ካልመጣ

ማራገቢያው እየጮኸ አየሩ ግን ደካማ ከሆነ መጀመሪያ የካቢን ፊልተሩን (ወደ ውስጥ የሚነፋውን አየር የሚያጣራውን) ያውጡ። ብዙውን ጊዜ በተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ነው፤ የመሳቢያውን ሁለት ጎን ወደ ውስጥ ሲጫኑት ወደ ታች ይወርዳል፣ ከኋላው የፕላስቲክ ክዳን ይታያል። ፊልተሩ ላይ የአየር መሄጃ ቀስት አለ፤ አዲሱ ሲገባ ቀስቱ እንደ አሮጌው ይሁን። በየ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንዴ መቀየር የተለመደ ነው፤ አቧራ በበዛበት መንገድ ግማሹን ይቁጠሩ። ፊልተሩን አውጥተው ማራገቢያውን ሲሞክሩት አየሩ ከተሻሻለ መልሱን አገኙ።

ቀጥሎ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የአየር መግቢያ ወንፊት ይመልከቱ፤ ቅጠል ከሞላበት አየርም አይገባም፣ ውሃም ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ጥቂት ሰው የሚያውቀው ሌላ ቦታ ደግሞ ከኋላ ነው። የገባው አየር መውጣት አለበት፤ መውጫው በኋላ ዕቃ መጫኛው ጎን ወይም ከኋላ መከላከያው ጀርባ ያለ የጎማ ምላስ ያለው ቀዳዳ ነው። ዕቃ ከደፈነው ወይም ምላሱ ከተጣበቀ ማራገቢያው ምንም ያህል ቢበረታ አየር አይዘዋወርም። ምርመራው ቀላል ነው፦ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ሲከፍቱ ከዳሽቦርዱ የሚመጣው አየር በግልጽ ከበረታ መውጫው ተደፍኗል።

ማራገቢያው በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ የፍጥነት መቀነሻው ሬዚስተር ተቃጥሏል። ከማራገቢያው አጠገብ አየር መሄጃው ላይ በሁለት ቡሎን ይታሰራል፤ የሚቀዘቅዘውም በዚያው አየር ነው። አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ሶኬቱ ቀልጦ እንደሆነ ይመልከቱ፣ ማራገቢያውንም በእጅ ያዙሩት። ኩሽኔታው ካጣበቀ ሞተሩ ብዙ አምፔር እየሳበ አዲሱንም ሬዚስተር ያቃጥለዋል። ሬዚስተር በዓመት ሁለቴ የሚቀየርበት መኪና ሁሉ ጥፋቱ ሬዚስተሩ ላይ አይደለም።

በየትኛውም ፍጥነት ካልሠራ ፊውዙን (ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 አምፔር)፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ከዚያ የማራገቢያውን ሶኬት በቴስተር ይለኩ። ቁልፉ በርቶ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት ካለ፣ ኔጌቲቩም ጤነኛ ከሆነ፣ ሞተሩ ሞቷል። በካቻቪቴ እጀታ መታ ሲያደርጉት የሚነሳ ከሆነ የካርቦን ብሩሹ አልቋል።

አየሩ በቂ ሆኖ ወደ መስታወት የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ችግሩ አቅጣጫ የሚቀይሩት በሮች ናቸው። ከዳሽቦርዱ ውስጥ ተከታታይ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የትንሿ ሞተር የፕላስቲክ ጥርስ ተሰብሯል። የድሮ መኪኖች በሮቹን የሚያንቀሳቅሱት በሞተሩ የአየር ስበት ነበር፤ በብዙዎቹ የስበቱ ቱቦ ሲሰነጠቅ አየሩ ሁሉ ወደ ፊት መስታወት ይሄዳል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢበላሽ አሽከርካሪው መንገዱን እንዲያይ። አየር መልሶ የማዞሪያው በር የውጭውን አየር እንደዘጋ ከቀረ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ ቁልፉ ጠፍቶም የተሳፋሪው ትንፋሽ ተመልሶ ይመጣል። ቁልፉን ሲቀያይሩ የማራገቢያው ድምፅ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ በሩ አልተንቀሳቀሰም።

ሙቀቱ ሲያንስ

ሞተሩ ሞቆ የሚመጣው አየር ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የኩላንቱን መጠን ይዩ። ከዚያ ሲሞቅ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ይንኩ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ጥፋቱ ሙቀት የሚቀላቅለው በር ነው። አንዱ ትኩስ ሌላው ለብ ካለ የማሞቂያው ራዲያተር በዝቃጭ ተደፍኗል። ሁለቱም ለብ ካሉና የሙቀት መለኪያውም ሲነዱ ከወረደ ቴርሞስታቱ (የኩላንቱን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ) ክፍት ቀርቷል። ሲቆሙ ቀዝቅዞ ሞተሩ ሲፈጥን ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ኩላንት ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል።

ወደ ኤሲው

ጌጅ (የጋዙ ግፊት መለኪያ) ከመገጠሙ በፊት ብዙ ነገር በእጅና በዓይን ይታወቃል። ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) አስነስተው፣ ኤሲውን ከፍተኛው ላይ ያድርጉ። እጅዎንና ልብስዎን ከቺንጋውና ከቬንትሌተሩ (ከራዲያተሩ ማራገቢያ) ያርቁ።

የኮምፕሬሰሩ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያዞረው ክብ) ሁልጊዜ ይዞራል፤ የሚታየው ፊቱ ላይ ያለው ሳህን ነው። «ጠቅ» ብሎ አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ፣ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት መድረሱን ይለኩ። ቮልቱ ደርሶ ሳህኑ ካልተሳበ የማግኔቱ ጠምዛዛ ተቃጥሏል (ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኦም ያሳያል)፣ ወይም ከመልበስ የተነሳ ክፍተቱ ሰፍቷል። ክፍተቱ በተለምዶ ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ነው። ቀዝቃዛ ሳለ ይዞ ሲሞቅ የሚለቅ ኮምፕሬሰር ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ክፍተት ነው፤ ሳህኑ ሥር ያለውን ቀጭን ዋሸር አንድ በማውጣት የሚድንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሙሉ ኮምፕሬሰር ከመግዛት በፊት ይለካ።

ቮልቱ ካልደረሰ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ከዚያ የግፊት ስዊች ይፈተሻል። ስዊቹ ግፊቱ ከ2 ባር አካባቢ ሲወርድ ወይም ወደ 30 ባር ሲጠጋ ኮምፕሬሰሩን ይቆርጣል። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕሬሰሩን ማስገደድ የብዙ ጋራዥ ልማድ ነው፤ መጥፎ ልማድ። ዘይቱ የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ ጋዝ የሌለው ኮምፕሬሰር በደረቁ ይፈጫል፤ ብናኙም መላውን ቱቦ ይሞላል። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ጭራሽ ሳህን የሌለው፣ መጠኑን በኤሌክትሪክ ቫልቭ የሚቀያይር ኮምፕሬሰር አላቸው፤ እነዚያ ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ኮምፕሬሰሩ ከዞረ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለቱን የኤሲ ቱቦዎች ይንኩ። ወፍራሙ ቀዝቅዞ ማላብ አለበት፤ ቀጭኑ ሞቃት ይሆናል። ወፍራሙ ለብ ብሎ ኮምፕሬሰሩም በየጥቂት ሰከንዱ ከያዘ ከለቀቀ ጋዙ አንሷል። ከዚያ ቴርሞሜትር መሐል ባለው የአየር መውጫ ውስጥ ያስገቡ፤ አየር መልሶ ማዞሪያው በርቶ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር እየዞረ። ውጭው 30 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቀን በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ከሆነ ኤሲው ጤነኛ ነው።

የብልሽቱ ጊዜም ይናገራል። እየነዱ ቀዝቅዞ ሲቆሙ የሚሞቅ ከሆነ ኮንደንሰሩ (ጋዙ ሙቀቱን የሚለቅበት፣ ከፊት ያለው የኤሲ ራዲያተር) አየር አያገኝም፤ ቬንትሌተሩ አይዞርም ወይም ክንፎቹ መካከል ጭቃና ነፍሳት ሞልተዋል። ኤሲ ሲበራ ቢያንስ አንዱ ቬንትሌተር ብዙም ሳይቆይ መነሳት አለበት። ኮንደንሰሩን በቀጭን ግፊት ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠቡት፤ ጠንካራ ግፊት ክንፎቹን ያጥፋቸዋል። በተቃራኒው ለግማሽ ሰዓት ጥሩ ቀዝቅዞ ከዚያ አየሩ እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል። ኤሲውን አጥፍተው ማራገቢያውን ብቻ ለ10 ደቂቃ ይተዉት፤ አየሩ ከተመለሰና ሥሩ ብዙ ውሃ ከወረደ ምርመራው ተረጋገጠ። ምክንያቱ የደፈነ ፊልተር፣ ያነሰ ጋዝ ወይም የተበላሸ የኢቫፖሬተር ሙቀት ሴንሰር ነው።

ጌጁ ምን ይላል

አብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው ጋዝ አር 134ኤ ነው፤ አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ አር 1234ዋይኤፍ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መኪና ላይ አር 134ኤ መሙላት ቀርቷል። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ መግጠሚያቸውም ሆን ተብሎ የተለያየ ተደርጓል። ኮፈኑ ሥር ያለው ተለጣፊ ወረቀት የጋዙን ዓይነትና መጠኑን በግራም ይናገራል።

ሞተሩ ጠፍቶ ሁለቱ ጌጆች (ሰማያዊው የዝቅተኛው ግፊት፣ ቀዩ የከፍተኛው ግፊት) እኩል ያሳያሉ። አር 134ኤ በ25 ዲግሪ ወደ 5.6 ባር፣ በ30 ዲግሪ ወደ 6.7 ባር ነው። ይህን ቁጥር አይቶ «ሞልቷል» ማለት ስሕተት ነው፤ ውስጡ ትንሽ ፈሳሽ እስካለ ድረስ 200 ግራምም 600 ግራምም ያው ግፊት ያሳያሉ። ከዚህ በታች ከሆነ ግን ባዶ ሊሆን ተቃርቧል።

ሲሠራ፣ ውጭው 30 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ፣ ሰማያዊው ጌጅ ከ2 እስከ 3 ባር፣ ቀዩ ከ12 እስከ 17 ባር ቢያሳይ መልካም ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዝ በዝቷል፣ አየር ገብቷል ወይም ኮንደንሰሩ አልቀዘቀዘም፤ ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ ሲረጩ ቀዩ ጌጅ በፍጥነት ከወረደ ጥፋቱ የማቀዝቀዣው አየር ነው። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ብሎ ሁለቱ ከተቀራረቡ ኮምፕሬሰሩ ውስጡ አልቋል። ሰማያዊው ወደ ባዶ ወርዶ ከዜሮ በታች ከገባ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባበት ጠባብ ቫልቭ) ተደፍኗል፤ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ እንዲህ እየሆነ፣ አጥፍተው ሲመለሱ ደግሞ ደህና የሚሆን ከሆነ ውስጡ የገባ ውሃ ቫልቩ አፍ ላይ በረዶ እየሠራ ነው። መድኃኒቱ ድራየሩን (እርጥበት የሚጠጣውን ማጣሪያ) ቀይሮ በደንብ ቫኪዩም ማድረግ (ውስጡን በፓምፕ ባዶ ማድረግ) ነው።

ጋዝ ካነሰ የሆነ ቦታ ወጥቷል። በየዓመቱ ጥቂት ግራም በላስቲኩ ውስጥ ማምለጡ ተፈጥሯዊ ነው፤ በየሦስት ወሩ መሙላት ግን ጥገና አይባልም። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አቧራ የጠጣ ቅባታማ ቦታ ይፈልጉ፦ የቱቦ መጋጠሚያዎች፣ የኮንደንሰሩ ታችኛው ጥግ ጠጠር የመታው ቦታ፣ የኮምፕሬሰሩ ፊት፣ የመሙያው አፍንጫ። የሳሙና አረፋ ትልቁን ያሳያል፤ ለትንሹ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ወይም ኤሌክትሮኒክ መፈለጊያ ያስፈልጋል። ኢቫፖሬተሩ ካፈሰሰ መፈለጊያውን የውሃ መውረጃው ቱቦ አፍ ላይ ይያዙ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደዚያ ይወርዳል። በጣሳ የሚሸጠው የፍሳሽ መድፈኛ መድኃኒት አይግባ፤ ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት ቫልቩንና የጋራዡን ማሽን ይደፍናል።

መገጣጠሚያ በተከፈተ ቁጥር ኦሪንጉ አዲስ ይሁን፣ በኤሲ ዘይት ይቀባ። ዘይቱ እርጥበት ይጠጣል፤ የተከፈተ ቆርቆሮ አይቀመጥ። ከዚያ ቫኪዩሙ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይሂድ፤ ፓምፑ ተዘግቶ 15 ደቂቃ ሲቆይ ጌጁ ካልተነቃነቀ ብቻ ጋዝ ይሞላ። መሙላቱ በሚዛን ነው። ጠቅላላው ከ400 እስከ 700 ግራም ብቻ በሚይዝ መኪና 100 ግራም ስሕተት ትልቅ ነው፤ በጌጅ ብቻ መሙላት ኤሲውን «ይቀዘቅዛል ግን አይበረታም» የሚያደርገው ለዚህ ነው። ፈሳሽ ጋዝ በሰማያዊው በኩል በአንድ ጊዜ አይለቀቅ፤ ፈሳሽ ስለማይታመቅ ኮምፕሬሰሩን ይሰብረዋል። ጣሳ በቀዩ በኩል ፈጽሞ አይገጠምም፤ ይፈነዳል።

መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። አር 134ኤ በከባቢ አየር ግፊት በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚፈላ ቆዳንና ዓይንን በቅጽበት ያቃጥላል፤ እሳት ሲነካው ደግሞ መርዛማ ጭስ ይሰጣል። ወደ አየር አይለቀቅም፣ በማሽን ይሰበሰባል። ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚሄደው ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልት ስለሆነ በዚያ ላይ ያልሠለጠነ ሰው አይንካው። ዘይቱም ሌላ ነው፤ ተራው ፓግ ዘይት ጥቂት እንኳ ቢገባ የኮምፕሬሰሩን የኤሌክትሪክ መከላከያ ያዳክመዋል።

የኋላው መስታወት

የኋላው ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት የለውም፤ መስመሮቹ በኤሌክትሪክ ይሞቃሉ። ጉም ይዞ ሳለ ያብሩትና ይመልከቱ፦ ሳይጠራ የቀረው መስመር ተቆርጧል። ምንም ካልጠራ ፊውዝ፣ ሪሌና በመስታወቱ ሁለት ጎን የተበየዱት ገመዶች ይታዩ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ራሱ መጥፋቱ ግን ብልሽት አይደለም፤ በሰዓት የሚሠራ ስለሆነ ነው።

የተቆረጠበትን ነጥብ ለማግኘት የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ቦዲ ላይ ያስሩ፤ የቀዩን ጫፍ መስመሩን እንዳይቧጭር በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልለው ከፖዘቲቩ ጎን እየተነሱ ያስኪዱት። ጤነኛ መስመር መሐሉ ላይ 6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። የተቆረጠው እስከ ቁርጡ 12 ቮልት አሳይቶ ድንገት ወደ ዜሮ ይወድቃል። ቦታውን በአልኮል ይጥረጉ፣ ከመስመሩ በላይና በታች ቴፕ ይለጥፉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን የብር ቀለም ከቁርጡ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ሴንቲሜትር ተርፎ ይቀቡ። ቴፑን ሳይጠነክር ይንቀሉት፤ ለ24 ሰዓት አያብሩት። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ሲጠረግ ጨርቁ በመስመሮቹ አቅጣጫ ወደ ጎን ይሂድ፤ ምላጭና የበረዶ መፋቂያ አይጠጋው።